አንደኛ ወጥቶ መቅረት

ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል የተለፋበት የካርድ ውጤት ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ምን ያህል ይቆጠራል? ከቱላ የተጻፈ ልዩ ዘገባ

ከሐዋሳ መሀል ወደ ደቡብ የሚወጣው አስፋልት ቱላ ሲደርስ ይጣበባል። ባጃጁ፣ ሞተር ሳይክሉ፣ ወደ ይርጋለምና አለታ ወንዶ የሚጭነው ሚኒባስ፣ አቮካዶ በማዳበሪያ ያወረደው ገበያተኛ ሁሉም ለመንገዱ ዳር ይጋፋል። ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ሲሉ ግን ጫጫታው ይቀራል፤ በየግቢው እንሰትና ቡና፣ ከእንሰቱ ኋላ ቆርቆሮ ቤት። ሐዌላ ቱላ በአስተዳደር የሐዋሳ ክፍለ ከተማ ነው። በኑሮው ግን ብዙው ሰው አሁንም ከጓሮው ነው የሚበላው። እዚህ አንድ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገባ ማለት ለቤተሰቡ ብቻ ሳይሆን ለሰፈሩ ሁሉ ወሬ ነው።

ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ የሚጠሩበት ሰሞን ሲደርስ በመንገዱ ዳር ያሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች ሥራ ይበዛባቸዋል። በአንዷ ጠባብ ቤት ማሽኑ ላይ የምትሠራው ወጣት የሚፈለገውን ወረቀት ማስታወቂያውን ሳታይ ትዘረዝረዋለች፤ የ8ኛ ክፍል ሰርተፍኬት፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለው ትራንስክሪፕት ዋናውና ኮፒው፣ ጉርድ ፎቶ። የሚቀጥለው ከእሷ ቤት አይገኝም፤ ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የትራስ ጨርቅ፣ የስፖርት ትጥቅ። የዩኒቨርሲቲዎች የጥሪ ማስታወቂያ ለዓመታት ይህንኑ ሲደጋግም ኖሯል። ትራንስክሪፕቱ ይጠየቃል፤ የሚጠየቀው ግን ልጁ ከተመደበ በኋላ፣ ከአንሶላው ጋር ነው። ማን ይግባ ማን ይቅር ሲባል በላዩ ያለውን ቁጥር ያየ የለም።

ከሰልፉ ኋላ የቆመው ልጅ ለምዝገባ አልመጣም። የ11ኛ ክፍል ካርዱን ላሚኔት ሊያስደርግ ነው የመጣው። ካርዱ የታጠፈበት መስመር ላይ ሊቀደድ ደርሷል። በግራ በኩል የትምህርቱ ዓይነት፣ ቀጥሎ የአንደኛና የሁለተኛ ሴምስተር ውጤት፣ ከዚያ አማካይ፤ ከታች ጠባይ፣ የቀረበት ቀን፣ ደረጃ። ደረጃው ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «1ኛ» ተጽፎ ማህተም አርፎበታል። በብሔራዊ ፈተናው ግን ከግማሽ በታች ነው ያመጣው። ከስልኩ ላይ ያነሳውን የውጤት ምስል ለማንም ማሳየት አይወድም፤ ካርዱን ግን ሳይጠየቅ ያሳያል። ሁለቱም ስለ አንድ ልጅ የሚናገሩ ወረቀቶች ናቸው፤ አገሪቱ የምትሰማው አንዱን ብቻ ነው።

ሮስተሩ እንዴት ይሞላል

በክረምቱ መግቢያ፣ ፈተና ታርሞ ሲያልቅ፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መምህራን ክፍል የሒሳብ ቤት ይመስላል። እያንዳንዱ መምህር የትምህርቱን ማርክ ሊስት ለክፍል ኃላፊው ያስረክባል። በማርክ ሊስቱ ላይ ቴስት፣ የቤት ሥራ፣ የቡድን ሥራ፣ ሚድ፣ ፋይናል በየዓምዳቸው ይቀመጣሉ፤ ተደምረው መቶ። የክፍል ኃላፊው ሁሉንም ወደ አንድ ሰፊ ሮስተር ይገለብጣል፣ ይደምራል፣ ያካፍላል፣ ከዚያ ደረጃ ያወጣል። ኮምፒውተር ያለበት ቦታ ሥራው ይፈጥናል። የሌለበት ቦታ በማስመሪያ ተሰምሮ፣ በካልኩሌተር ተደምሮ፣ በሌላ መምህር ተነብቦ ይመሳከራል። አንድ ቁጥር ከተሳሳተ የብዙ ልጆች ደረጃ ይዛባልና ልፋቱ ቀላል አይደለም።

ይህ ሥራ በዓመት ሁለት ጊዜ ይደገማል። ልጁ 12ኛ ክፍል ሲጨርስ የስምንት ሴምስተር ምስክርነት ተከማችቷል ማለት ነው። በውስጡ የአንድ ቀን ፈተና የማይነግረን ብዙ ነገር አለ። በሲዳማ ቡና በሚለቀምበት ወራት ከትምህርት ገበታ የቀረና ያልቀረ ልጅ ይለያል። 9ኛ ክፍል ላይ በእንግሊዝኛ ተንገዳግዶ 11ኛ ላይ የቆመ ልጅ ይታያል። እናቷ ገበያ በምትወጣበት ቀን ታናናሾቿን ስትጠብቅ የምትውል ልጅ የቀረችበት ቀን ተቆጥሮ ከውጤቷ ጋር አብሮ ተጽፏል። ያን ሁሉ ይዛ 80 ካመጣች፣ ያ 80 ስለ እሷ ትልቅ ነገር ይናገራል።

ቆጮ የሚሸጡ አንዲት እናት ነገሩን በራሳቸው መንገድ ይጠይቃሉ። «አራት ዓመት ካርድ ስታመጣልኝ አንደኛ፣ ሁለተኛ ብላ ነው። ፈተናው ሲመጣ ወደቀች አሉኝ። የቱን ልመን?» ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ካርዱ ውሸት ነው ወይም ፈተናው ውሸት ነው በማለት የሚያልቅ አይደለም።

ከማትሪክ እስከ ኢንትራንስ

የዩኒቨርሲቲ በር በአንድ ፈተና ብቻ እንዲከፈት የተደረገው ዛሬ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር በአገሪቱ የነበሩት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ጥቂት ነበሩ። ቁጥራቸው ሲበዛ የአንዱን ትምህርት ቤት 85 ከሌላው 85 ጋር የሚያስተያይ መለኪያ አስፈለገ። ማትሪክ የምንለው የትምህርት ማጠናቀቂያ ፈተና ያንን ሥራ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ሠራ፤ ከ4.0 የሚሰላው ነጥቡ የስንቱን ቤተሰብ ዕጣ እንደወሰነ የዚያ ዘመን ሰው ያስታውሳል።

ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ ማትሪክ ለሁለት ተከፈለ። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና መሰናዶ የሚገባውንና ወደ ቴክኒክና ሙያ የሚሄደውን ለየ፤ የ12ኛው ደግሞ ኢንትራንስ ተባለ። በ2012 ዓ.ም. የ10ኛ ክፍል ፈተና ቀረ። ይህ ለውጥ ብዙ ያልተነገረለት ውጤት አለው። ዛሬ አንድ ልጅ በ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ከተፈተነ በኋላ እስከ 12ኛ ክፍል መጨረሻ ድረስ ስለ ችሎታው የሚናገር ከትምህርት ቤቱ ውጭ የመጣ አንድም ወረቀት የለውም። በእነዚህ ዓመታት ያለው ምስክር የትምህርት ቤቱ ማርክ ብቻ ነው። እኛ ደግሞ ያንን ምስክር አንሰማም።

አንሰማም ያልንበት ምክንያት ግን አለን። ግንቦት 2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ሾልኮ ወጥቶ በማኅበራዊ ሚዲያ ተሠራጨ፤ ፈተናው ተሰረዘ፣ ከሳምንታት በኋላ እንደገና ተሰጠ። በቀጠሉት ዓመታት ኩረጃ በየፈተና ጣቢያው የታወቀ ነገር ሆነ። በመጨረሻ መንግሥት የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞችን ከየትምህርት ቤታቸው አንስቶ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ አስገብቶ፣ ስልክ ከልክሎ ፈተነ። በጥር 2015 ውጤቱ ሲገለጽ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶው 3.3 ብቻ ነበሩ። አገር ደነገጠ። በ2017 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 8.4 ከመቶ ከፍ ብሏል፤ መሻሻል ነው፤ ግን አሁንም ከመቶ ተማሪ ከዘጠና በላዩ ወድቋል ማለት ነው።

እኔን ከዚህ ሁሉ ቁጥር በላይ የሚያሳስበኝ ሌላው ነው። በ2015 ዓ.ም. ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም።

በእነዚያ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ግን አንደኛ የወጣ ልጅ ነበረ።

ያ ልጅ ቤተ መጻሕፍቱ የተዘጋበት፣ የፊዚክስ መምህር በአንደኛው ሴምስተር መሀል የመጣለት፣ ላቦራቶሪ የሚባል ክፍል ተቆልፎ ያየው ሊሆን ይችላል። ከእነዚያ ሁሉ ጓደኞቹ ቀድሞ መገኘቱ ግን እውነት ነው። ግማሽ አላመጣም ተብሎ፣ ከመጨረሻው ተማሪ ጋር በአንድ ቃል «ወዳቂ» ይባላል። ከፈተናው ነጥብ ሌላ የሚለያቸው ወረቀት ቢኖርም የሚያየው የለም።

እምነት ያጣ ቁጥር

መምህራኑን «ካርዱ ቢቆጠርስ?» ብሎ ለጠየቀ የመጀመሪያው መልስ ፍርሃት ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ያስተማሩ አንድ የሒሳብ መምህር «ዛሬ ለምንም የማይቆጠር ሆኖ እንኳ አምስት ማርክ ጨምርልኝ የሚል ወላጅ አለ፤ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ከሆነ በሬን እንዴት እዘጋለሁ?» ይላሉ። ጎረቤት ነው፣ የዕድር ሰው ነው፣ የቀበሌ ሰው ነው። በቱላ ዓይነት ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት ቦታ መምህር ብቻውን ቆሞ ማርክ መከልከል ይከብደዋል።

ሌላው ስጋት ከላይ ይመጣል። ብዙ ተማሪ የጣለ መምህር ለምን ጣልክ ተብሎ ይገመገማል፤ ብዙ ያሳለፈ ግን እንዴት አሳለፍክ ተብሎ አይጠየቅም። የግል ትምህርት ቤት መምህራን ደግሞ የገበያውን ነገር ያነሳሉ። ወላጅ ከፍሎ የሚያስተምረው ልጁ 70 አመጣ ሲባል ትምህርት ቤት ይቀይራል፤ ስለዚህ በአንዳንድ ክፍል 90 ያላመጣ ልጅ መፈለግ አስቸጋሪ ሆኗል። እንዲህ የተሞላ ማርክ ከቱላ ገጠር ቀበሌ በሐቅ ከተሰጠ 78 ጋር ቢወዳደር የሚጎዳው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው። ካርዱ እንዳለ ይደመር የሚሉ ሰዎች ይህን አስበውበት አይመስለኝም።

ነገር ግን ክርክሩን ከሌላው ጫፍ ብንይዘውስ? ማርኩ ያልታመነው ስለማይቆጠር ነው ወይስ የማይቆጠረው ስላልታመነ? እኔ የፊተኛው የበለጠ እውነት ያለው ይመስለኛል። ለማንም ውሳኔ የማያገለግል ቁጥር ጠባቂ የለውም። ፋይናሉ ከዓመት ዓመት ሳይለወጥ ቢሰጥ የሚጠይቅ የለም። የቡድን ሥራው አንድ ልጅ ሠርቶት አምስት ልጅ ቢፈርምበት የሚያጣራ የለም። ተማሪውም ይህን ያውቃል፤ 12ኛ ክፍል ሲደርስ ሁለተኛውን ሴምስተር ትቶ የድሮ ኢንትራንስ ጥያቄ ይዞ ቤቱ የሚቀመጠው ለዚህ ነው። ተምሮ መዘጋጀት ቀርቶ ጥያቄ መሸምደድ ብቻ ይሆናል። አንድ የባዮሎጂ መምህርት «ሚያዝያ ላይ ለባዶ ወንበር ነው የማስተምረው» ትላለች።

*«ለማንም ውሳኔ የማያገለግል ቁጥር ጠባቂ የለውም።»*

በእንግሊዝኛ የሚጠየቅ

በቱላ ያደገ ብዙ ልጅ ፊደል የቆጠረው በሲዳምኛ ነው። አማርኛን ከገበያና ከሬዲዮ ይለምዳል። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ግን ሒሳቡም፣ ኬሚስትሪውም፣ ጂኦግራፊውም በእንግሊዝኛ ነው፤ ብሔራዊ ፈተናውም እንዲሁ። አፕቲቲዩድ የሚባለው ፈተና ደግሞ የማሰብ ችሎታን ሊለካ የተዘጋጀ ሆኖ ከፊሉ በእንግሊዝኛ ቃላት ዝምድናና በአንቀጽ መረዳት ላይ የቆመ ነው። ቤቱ እንግሊዝኛ ቻናል የሚከፈትለት፣ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ በእንግሊዝኛ የተማረ የሐዋሳ መሀል ልጅና የቱላው ልጅ አንድ ወረቀት ፊት ይቀመጣሉ።

መምህሩ ክፍል ውስጥ ይህን ክፍተት ያያል። አንድን ፅንሰ ሐሳብ በሲዳምኛና በአማርኛ ቀላቅሎ ሲያስረዳው ልጁ ወዲያው ይገባዋል፣ ሰሌዳው ላይ ወጥቶ ይሠራዋል። ጥያቄው በረጅም የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ተጠቅልሎ ሲመጣ ግን ያው ልጅ ይስታል። ካርዱ የመጀመሪያውን ልጅ ይመዘግባል፣ ፈተናው ሁለተኛውን። ዩኒቨርሲቲም በእንግሊዝኛ ነው የሚያስተምረውና የፈተናው መልስ ከንቱ አይደለም። ግን ቋንቋ በአንድ ዓመት እገዛ ሊስተካከል የሚችል ጉድለት ነው፤ ለሒሳብ ያለ ዝንባሌ ግን በአንድ ዓመት አይፈጠርም። ሁለቱን አንድ ላይ አድርጎ «50 አላመጣም» ማለት አገሪቱን ብዙ ልጆች ያሳጣታል።

ሌሎች ምን አደረጉ

ይህ ክርክር የእኛ ብቻ አይደለም። ቻይና በባህል አብዮቱ ዘመን የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናዋን ጥላ በምትኩ የፖለቲካ ድጋፍና የሥራ ቦታ ምስክርነት ተጠቀመች። ፈተና ሲቀር ቦታው በዕውቂያና በቤተሰብ ታሪክ ተሞላ። እ.ኤ.አ. በ1977 ጋኦካኦ የሚባለው ፈተና ሲመለስ፣ ለዓመታት እርሻ ላይ የነበሩ ወጣቶች ለመፈተን ጎረፉ። በደረቅ ቁጥር የሚፈርድ ፈተና ዘመድ ለሌለው ልጅ መጠጊያ እንደሚሆን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ታሪክ ማግኘት ያስቸግራል። በዩኒቨርሲቲ ግቢ የሚሰጠውን የእኛን ፈተና የማከብረውም ለዚህ ነው።

በአሜሪካ ደግሞ የቴክሳስ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1997 ሌላ መንገድ ሞከረ። በየትኛውም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከክፍሉ ከፍተኛ 10 ከመቶ ውስጥ የገባ ተማሪ በግዛቱ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ቦታ ይረጋገጥለት የሚል ሕግ አወጣ። ሕጉ የሚያወዳድረው የዳላስን ሀብታም ሰፈር ልጅ ከድንበር አካባቢው ድሃ ልጅ ጋር ሳይሆን፣ እያንዳንዱን ከራሱ የክፍል ጓደኞች ጋር ነው። ከዚያ በፊት ወደ ዋናው ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ልከው የማያውቁ የገጠር ትምህርት ቤቶች መላክ ጀመሩ። ሕጉ ማርክን በማናር አይታለልም፤ ለሁሉም 95 ብትሰጥ እንኳ ከመቶው ዐሥሩ ብቻ ናቸው ዐሥሩ ውስጥ የሚገቡት። ፈላጊው ሲበዛ ግን ዋናው የኦስቲን ዩኒቨርሲቲ መጠኑን ለማጥበብ ተገዷል።

የተመራማሪዎቹም መልስ አንድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 በቺካጎ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ላይ የወጣ ጥናት፣ ተማሪው ከኮሌጅ መመረቅ አለመመረቁን በመተንበይ የሁለተኛ ደረጃ ማርክ ከመግቢያ ፈተናው በአምስት እጥፍ ይበልጣል አለ። በ2024 ደግሞ እጅግ መራጭ በሆኑት ዩኒቨርሲቲዎች ላይ የተሠራ ሌላ ጥናት ተቃራኒውን አገኘ፤ እዚያ የተማሪውን የኮሌጅ ውጤት የሚያመለክተው ፈተናው ነው። በዚያው ዓመት ዳርትማውዝ፣ ዬልና ሃርቫርድ በኮሮና ጊዜ የተዉትን የፈተና ግዴታ መለሱ። ሁለቱ ጥናቶች የሚጣሉ አይመስለኝም። አመልካቹ ሁሉ ከፍተኛ ማርክ ያለው በሆነበት ማርክ መለየት ይሳነዋል፤ ተራ ትምህርት ቤት ውስጥ ግን ማርክ ትጋትን ያሳያል፣ ከኮሌጅ የሚያስመርቀውም በአብዛኛው ትጋት ነው።

ከገቡ በኋላ

ግማሽ ያላመጡት ሁሉ በሩ አልተዘጋባቸውም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለግማሽ የቀረቡት የሪሚዲያል ትምህርት እንዲወስዱ ተደርጓል፤ ለጥቂት ወራት ተምረው፣ በተቋሙ ምዘናና በማዕከል በሚወጣ ፈተና ካለፉ ፍሬሽማን ይሆናሉ። ማን ሪሚዲያል ይግባ የሚለውን የሚወስነው ግን አሁንም ያው የፈተና ነጥብ ነው። የካርዱ ድምፅ እዚህም የለም።

ሪሚዲያል ያስተማሩ አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ከክፍላቸው ያስተዋሉትን እንዲህ ይነግሩኛል። «በአንድ ነጥብ የገቡ ሁለት ልጆች አሉኝ። አንዱ ማስታወሻ መያዝ ያውቃል፣ ጠዋት ይገኛል፣ ያልገባውን ይጠይቃል። ሌላው ገና ማጥናት እንዴት እንደሆነ ነው የሚማረው። ከየት እንደመጡ ሳጣራ የመጀመሪያው በትምህርት ቤቱ ከመጀመሪያዎቹ ሦስቱ አንዱ ሆኖ የኖረ ነው።» የአንድ ሰው ትዝብት ነው፤ ማስረጃ ብዬ አላቀርበውም። የቺካጎው ጥናት ካለው ጋር መግጠሙን ግን ልብ ይሏል።

*«አንዱ ማስታወሻ መያዝ ያውቃል። ሌላው ገና ማጥናት እንዴት እንደሆነ ነው የሚማረው።»*

ለውጭ አገር ስኮላርሽፕ የሚያመለክቱ ልጆች ደግሞ የካርዱን ዋጋ ዘግይተው ይረዳሉ። የውጭው ዩኒቨርሲቲ መጀመሪያ የሚጠይቀው የአራቱን ዓመት ትራንስክሪፕትና የመምህር ምስክርነት ነው። እዚህ ለምንም አይሆንም የተባለው ወረቀት እዚያ ዋና ሰነድ ይሆናል፤ 9ኛ ክፍልን «ገና ነው» ብሎ ያሳለፈ ልጅ ያን ጊዜ ይቆጨዋል።

በሩን ማን ሊከፍተው ይችላል

ከ2015 ዓ.ም. በኋላ አንድ አዲስ ነገር መጥቷል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ሆኖ ተማሪዎቹን በራሱ መምረጥ ጀምሯል፤ ከብሔራዊ ፈተናው ሌላ የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል። ሌሎችም ይከተላሉ ተብሎ ይጠበቃል፤ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ዩኒቨርሲቲ ተብለው ከተለዩት ስምንቱ አንዱ ነው። ራስ ገዝ የሆነ ዩኒቨርሲቲ ሌላ ፈተና ደራርቦ ከማቆም ያለፈ ነገር ማድረግ ይችላል። ከቱላ፣ ከዶሬ ባፋኖ፣ ከቦሪቻ የሚመጣውን ልጅ ከራሱ ትምህርት ቤት አንጻር ሊያየው ይችላል።

ካርዱ ከፈተናው ጋር በእኩል ይደመር አልልም። ዛሬ ቢደመር ማርክ ገበያ ይወጣል። የምለው ትንሽና የተወሰነ ነገር ነው። ማንም ካላለፈባቸው ትምህርት ቤቶች በአራቱ ዓመት ድምር ቀዳሚ የሆኑት ለሪሚዲያል ቅድሚያ ይጠሩ። የተጠሩት ከወደቁ ወንበሩ ለሌላ ይለቀቃል። ከበረቱ ግን ያ ትምህርት ቤት ያወጣው ደረጃ የሚታመን እንደሆነ በተግባር ይታያል፤ በሚቀጥለው ዓመት ሁለት ልጅ ይጠራለታል። የትምህርት ቤቱ ማርክ ከፈተናው ውጤት ጋር በየዓመቱ ቢመሳከር፣ ያለ መጠን የሚሞላው ማን እንደሆነ ለመለየት ሌላ ኮሚቴ አያስፈልግም።

ያን በፍርሃት የመለሱልኝን የሒሳብ መምህር ይህን ሐሳብ ነግሬ፣ ከዚህ በኋላስ በርዎን እንዴት ይዘጋሉ አልኳቸው። ጥቂት አሰቡና ሥራውን መከፋፈል ጀመሩ። ፋይናሉ በክፍለ ከተማው ላሉት ትምህርት ቤቶች አንድ ይሁን። በስም ሳይሆን በኮድ ይፈተን። ወረቀቱን የሌላ ትምህርት ቤት መምህር ያርመው፤ እሳቸውም የዚያን ትምህርት ቤት ያርማሉ። ለማጓጓዝ አንድ ሞተር ሳይክል፣ ለማረም አራት ቀን ይበቃል አሉ፤ ለትራንስፖርት የሚከፍል ከተገኘ በሚቀጥለው ሴምስተር መጀመር እንደሚቻልም ነገሩኝ።